ታመዋል ያልኳቸው ዓሦች

መጋቢት 4፣ እሑድ

የውሃ ቀን። ከዓሦቹ ገንዳ ሁለት ባልዲ አወጣሁ፣ ሁለት ባልዲ መለስኩ። ጨዉ ልክ ነው። ሙቀቱ ሃያ ስድስት። ሻሺ ወለሉ እንዳይረጥብባት ፎጣ አነጠፈችልኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ታነጥፋለች፣ ስድስት ዓመት ሙሉ አረጥባለሁ። ተስማምተን የምንኖር ባልና ሚስት ነን።

ሁለቱ ዓሦቼ፣ ሾሻኖኖቹ፣ ደኅና ናቸው። ሦስት ነጭ መቀነት የታጠቀ ብርቱካን በሏቸው። ትልቋን እመቤት፣ ትንሹን ሎሌ እላቸዋለሁ። እመቤት ሳትበላ ሎሌ አይበላም። ስትቆጣው ጎኑን አዘንብሎ ይንቀጠቀጥላታል። ሻሺ ይህን ባየች ቁጥር “ከእሱ ተማር” ትለኛለች።

አበባ የምትመስለው የባሕር እንስሳ፣ ሳማዋም፣ ዛሬ ወለል ብላ ተከፍታለች። በዕብራይስጥ ሾሻናት ያም ነው ስሟ፣ የባሕር ጽጌረዳ። እናቴ ግን አንድ ቀን ክንዷን አስገብታ ነካቻትና ሁለት ቀን ሙሉ አሳከካት። “ጽጌረዳ ትለኛለህ? ሳማ ናት እንጂ!” አለች። ከዚያ ወዲህ ስሟ ሳማ ሆነ። ሌላ ዓሣ ቢጠጋት ለብልባ ትበላዋለች። እነዚህን ሁለቱን ብቻ አትነካም። መሃሏ ገብተው ይተኛሉ። ቁራጭ ዓሣ ስሰጥ እመቤት ነጥቃ ለሳማዋ ታጎርሳታለች... በእውነት ታጎርሳታለች።

ሌላው ሰው ለሳማው ሽሪምፕ ያበላል። እናቴ ባለችበት ቤት፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ በሕጋችን የረከሰ ሽሪምፕ? እግዜር ያውጣኝ። እኔ የምሰጣት ገበያ የምገዛውን የዴኒስ ዓሣ ነው። ክፋር ዮና መንገድ ላይ የገንዳ ዓሣ ሱቅ ያለው ኤያል “ኮሸር የምትበላ ሾሻና በኔታንያ ያንተ ብቻ ናት” እያለ ይስቅብኛል።

ገንዳውን ዐጋሚም ሰፈር ከሚኖሩ ሰዎች ነው ያገኘሁት። ዕቃቸውን ስናጓጉዝ “አዲሱ ቤት አይበቃውም፣ ከፈለግክ ውሰደው” አሉኝ። ያኔ ስለ ዓሣ የማውቀው አጠባበሱን ነበር። እነሆ ኪርያት ኖርዳው ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባሕር አለኝ።

ይህን ደብተር ጠረጴዛ ላይ ጥዬው ነው የምሄደው። ማን ያነበዋል? ሻሺ ሕፃን ሆና ነው ወደዚህ አገር የመጣችው፣ ፊደሉን አታውቅም። ልጃችን ሊራዝ አማርኛን በጆሮዋ እንጂ በዓይኗ አታውቀውም። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ከዚህ የተሻለ ቁልፍ የለም።

መጋቢት 9፣ አርብ

ሰንበት ሳይገባ እናቴ እንደ ልማዷ ወደ ጎንደር ደወለች። ማለት እኔ ደወልኩ፣ እሷ ጮኸች። ካልጮኸች ጎንደር የሚሰማ አይመስላትም።

ታላቅ እህቴ እትዬ ባንች ድምጿ ደከም ብሏል። “ጉንፋን ነው” አለች። ለእኔ ደግሞ “ዓሦችህን እስካሁን አልጠበስካቸውም?” አለችኝ። በየሳምንቱ የምትለኝ ይህንኑ ነው። በየሳምንቱ እስቃለሁ።

እኛ በ83 ወደዚህ ስንወጣ እሷ ከባሏ ከመለሰ ጋር ቀረች። የመለሰ ቤተሰብ ስም ከሚሄዱት ዝርዝር ላይ የለም ተባለ። “ትከተላላችሁ” አሏቸው። ሃያ አምስት ዓመት። በኅዳር የቀሩት ሁሉ ይመጣሉ ሲባል እናቴ አልጋ አስገዛችኝ። አልጋው ላስቲኩን እንደለበሰ ከበሩ ኋላ ቆሟል። አሁን ደግሞ ባጀት አልተገኘም ይላሉ።

መጋቢት 16፣ አርብ

ስልኩን ያነሳው መለሰ ነው። ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር፣ አሁን ተኝታለች አለ። እናቴ “ቀስቅሳት!” አለች። “ትተኛ እማማ፣ ደክሟታል።” እናቴ ቅር እያላት ዘጋች።

መጋቢት 20፣ ማክሰኞ

አጎቴ ገበየሁ ሥራ ላይ ደወለልኝ። ቀን ደውሎልኝ አያውቅም። “ስትወጣ ቤት ሳትገባ ወደ እኔ ና” አለኝ። ሰው መሞቱ ያኔውኑ ገባኝ። ያላወቅኩት ማን እንደሆነ ብቻ ነበር። የሰው ሶፋ ተሸክሜ ደረጃ ስወጣ ዘመዶቼን አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ነበር። አምላኬ ይቅር ይበለኝ፣ “እሷ ከምትሆን እከሌ ይሁን” ብዬ መርጫለሁ።

እሷው ሆነች። ባንች። እሑድ ዐረፈች፣ ሰኞ ቀበሯት። ኩላሊቷ ነው አሉ።

መለሰ እኛ ቤት አልደወለም። ደግ አደረገ። ለእናት በስልክ መርዶ አይነገርም። ለሽማግሌ ይነገራል፣ ሽማግሌ መክሮ፣ ሰው ሰብስቦ፣ በማለዳ ሄዶ ያረዳል። ገበየሁ የእናቴ ወንድም ነው፣ መርዶውን የሚይዘው እሱ ነው።

“ለእናቴ መቼ ነው?” አልኩት።

“ከፔሳሕ፣ ከፋሲካው በኋላ። ተነጋግረናል። እናትህ ማናለሽ በዓሉን በለቅሶ አትውልም። በዓሉ ይለፍ፣ እሑድ ጠዋት እንመጣለን።”

“ከወር በላይ እኮ ነው፣ አጎቴ። አብራኝ ነው የምትኖረው...”

“እናውቃለን። እስከዚያ ሆድህ ይቻለው።”

ሁላችንም ያደረግነው ነው። የሻሺ አባት ሲሞት ሻሺን አርባ ቀን ደብቄያታለሁ። እንዲያውም በደንብ ነበር የያዝኩት። ያኔ እንዲህ ይከብዳል ብሎ የነገረኝ የለም።

ቤት ስገባ እናቴ ምስር ትለቅም ነበር። “ፊትህ ምን ሆኗል?” “ፀሐይ ነው።” ለሻሺ ነገርኳት። ለሊራዝ አልነገርንም። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ከአያቷ ጋር ሚስጥር መያዝ አትችልም።

መጋቢት 21፣ ረቡዕ

አላለቀስኩም። የት ይለቀሳል? ቤቱ ሦስት ክፍል ነው።

መጋቢት 23፣ አርብ

“ደውልልኝ” አለች። ቀኑን ሙሉ ስፈራው የነበረው።

የጎንደር ስልክ ተበላሽቷል አልኳት። “የመለሰስ?” የእሱም። “የጎረቤቶቿስ?” ከተማው በሙሉ ነው እማዬ። ጎንደርን ከነአገሩ ስልክ ቆረጥኩባት።

“መልእክት ይጣላል አይደል? ሊራዝ ስትጥል አይቻለሁ።” እሺ አልኩ። ስልኩን አፏ አጠገብ ያዝኩላት። “ባንቺ፣ እኔ ነኝ። እናትሽ ነኝ። ጉንፋኑ እንዴት አደረገሽ? ውሃ አትጠጪም፣ አውቅሻለሁ። ጠጪ። ለፋሲካው ሰውነትሽን ጠብቂ። ሹራቡን ልኬልሻለሁ፣ ቀዩን ነው...”

ስልኩ አይቀዳም ነበር። ዝም ብዬ ነው የያዝኩት። “ሄደ?” አለችኝ። “ሄደ” አልኳት።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

መጋቢት 27፣ ማክሰኞ

ከሥራ እንደገባሁ ልብሴን ሳልቀይር ገንዳው ፊት እቀመጣለሁ። እዚያ ስቀመጥ የሚታየው ጀርባዬ ነው። ሻሺ “ፊትህን አስተካክል፣ እየታወቀብህ ነው” ብላኛለች። ፊት እንዴት ነው የሚስተካከለው? ወደ ዓሣ አዙሬዋለሁ።

እመቤትና ሎሌ ድንጋዩን ሲያጸዱ ሰነበቱ። እንቁላል ሊጥሉ ይመስላል። ሎሌ በአፉ እየፋቀ፣ እሷ እየተቆጣጠረች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለኤያል ደውዬ በጮህኩ ነበር።

ለካ መስታወቱ ውስጥ ፊቴ ይታያል። እናቴ ከኋላዬ ቆማ በመስታወቱ ታየኝ ነበር። ስንት ደቂቃ እንደቆመች እንጃ።

“አንተ ልጅ። ምን ሆነሃል? ከሻሺ ተጣላችሁ?”

“የለም።”

“ከሥራ አባረሩህ?”

“የለም እማዬ።”

“እንግዲያ ምንድን ነው? ሳምንት ሆነህ። እህል በአፍህ አይዞርም።”

አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። “ዓሦቹ ታመውብኝ ነው” አልኳት። ሳማዋም ታማለች። ውሃው ተበላሽቶ ነው።

ደስ አላት መሰለኝ። ከጠረጠረችው ሁሉ ቀላሉ ስለሆነ። “ለዓሣ ነው እንዲህ የምትሆነው? አይ የኔ ልጅ!” ብላ ራሴን ዳበሰችኝ። አርባ አራት ዓመቴ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው። ግን ሠራልኝ። አሁን እንደፈለግኩ ላዝን እችላለሁ።

መጋቢት 30፣ አርብ

“ስልኩ ተሠራ?” አልተሠራም። “የኛ መንግሥት ይሻላል” አለችና ሻማዋን ለማሰናዳት ሄደች።

ነገ ሚያዝያ አንድ ነው፣ የዕብራይስጡ ወር ኒሳንም አንድ። ዘንድሮ ሁለቱ ገጠሙ። ሲገጥሙ ለባንች ልነግራት ብዬ ነበር ባለፈው ወር... እንዲህ ያለ ነገር ትወዳለች። ትወድ ነበር።

ሚያዝያ 3፣ ሰኞ

ጨው አልቆብኝ ኤያል ጋ ሄድኩ። ጨዉን ይዤ አልወጣሁም፤ ገንዳዎቹ ፊት ቆሜ ቀረሁ። “አሒ፣ ማ ካራ? ወንድሜ፣ ምን ሆነሃል?” አለኝ። ከሻሺ በቀር ለማንም ያልነገርኩትን ለእሱ ነገርኩት። እናቴን ስለማያውቃት ይሆናል።

“ቆይ፣ ልረዳው” አለ። “ልጇ ሞታለች። ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እሷ ብቻ አታውቅም?”

“አዎ።”

“ይኼ እኮ ጭካኔ ነው፣ ውድነህ።”

“ጭካኔማ በስልክ መንገር ነው።”

ከዚያ የእሱን ነገረኝ። አባቱ ሲሞት ወንድሙ በስልክ ጽፎ ላከለት። ቀይ መብራት ላይ ቆሞ አነበበው። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ከኋላው ጥሩምባ ነፉበት፣ ነዳ። የት እንደነዳ እስካሁን አያስታውስም።

ታዲያ ማን ይሻላል? ሁለታችንም አላወቅንም። አንድ ማሰሮ ቀንድ አውጣ ሰጠኝ፣ አልጌ የሚበሉ። ለሰው የሚሰጠው ሲጠፋው ቀንድ አውጣ ይሰጣል።

ሚያዝያ 9፣ እሑድ

ቤቱ ተገልብጧል። ፔሳሕ ሊገባ አምስት ቀን ነው የቀረው። እናቴ እርሾ የነካውን ሁሉ እያሳደደች ነው። መሳቢያ ወጥቶ ይታጠባል፣ የወንበር እግር ይፋቃል። አገር ቤት ሳለች ሸክላውን ሁሉ ሰብረው አዲስ ነበር የሚሠሩት። እዚህ የሚሰበር ስለሌለ በረኪና ነው መሣሪያዋ። ሊራዝ “ሳፍታ፣ ዳይ! አያቴ በቃ፣ ታነቅን!” እያለች መስኮት ትከፍታለች።

እናቴ ገንዳው ጋ ስትደርስ ቆመች። “ይኼ ድንጋይ ለምን ጠቆረ?” አለች።

“እንደዚያ ነው የሚሆነው። ድንጋዩ ሕይወት አለው፣ ውሃውን የሚያጸዳው እሱ ነው።”

“የቆሸሸ ድንጋይ ነው ውሃ የሚያጸዳው?” ሳቀች። “እንዴት አይታመሙ?”

ቁጭ ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ። አልታመሙም ማለት ነበረብኝ። ግን ያኔ ሌላውን ጥያቄ ትጠይቀኛለች።

ሚያዝያ 12፣ ረቡዕ

የዓሦቹ ምግብ ውስጥ የስንዴ ዱቄት አለ። በዓሉ እስኪያልፍ ለኤያል ሰጠሁት። እናቴ “ጎበዝ” አለችኝ። ከዛሬ ጀምሮ በዓሉ እስኪገባ እሷ የምትበላው የሽምብራ ቆሎ ብቻ ነው።

ሁለቱ እንቁላል ጥለዋል። ድንጋዩ ላይ፣ ከሳማዋ ሥር። ብርቱካናማ፣ እንደ ጤፍ የደቀቀ። ሎሌ በክንፉ ያራግብለታል። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሚያዝያ 13፣ ሐሙስ

አለቁ። መጻፍ አልቻልኩም።

ሚያዝያ 14፣ አርብ

ሰንበቱና በዓሉ አብረው ሊገቡ ነው። ሳይገቡ ልጻፈው።

ትናንት በዓሉ ስለደረሰ ቀደም ብለው ለቀቁን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገባሁ። ሻሺ በምትሠራበት መዋዕለ ሕፃናት ወጥ ቤት ነበረች፣ ሊራዝ ገበያ። በሩን ስከፍት ቤቱ በሙሉ በረኪና ይሸታል። እናቴ ጓንቷን እንዳደረገች፣ ገንዳው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ደክሟት፣ ፊቷ ግን ሁሉ ፈገግታ።

“ና እይ” አለችኝ። “በዓሉን ከነሕመማቸው አይገቡም ብዬ።”

መስታወቱ ያብረቀርቃል። ድንጋዮቹ ነጭ ሆነዋል፣ እንደ አጥንት። አንድ በአንድ አውጥታ መታጠቢያው ውስጥ በብሩሽ ፈትጋቸዋለች። ግማሹን ውሃ በጆግ ቀድታ አፍስሳ፣ በቧንቧ ውሃ ሞልታዋለች። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። ስንቴ ተመላለሰች? “ሳማዋን አልነካኋትም” አለች። “የእሷን ድንጋይ ተውኩላት። ለበሽታው ብዬ ሁለት ክዳን ኤኮኖሚካ በረኪና ብቻ ነው የጨመርኩበት።”

ሳማዋ ተሸብሽባ አንድ ጥግ ወድቃለች፣ ገላዋ እየተቆራረሰ። እመቤት በጎኗ ተንሳፋ ነበረች። እንቁላሉ የለም። ሎሌ አሁንም ይተነፍሳል። እጄን አስገብቼ አወጣሁት። የት ላድርገው? ንጹሕ የጨው ውሃ አልነበረኝም። ጨዉን ያን ሰኞ ኤያል ጋ ትቼው መጣሁ፣ ኋላም ረሳሁት። መዳፌ ላይ አፉን ሁለቴ ከፈተ። ከዚያ ተወ።

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ጮህኩ። ይህን ጩኸት አላውቀውም፣ ከየት እንደመጣ። ሃያ አራት ቀን የት ነበር?

መጀመሪያ ደነገጠች። “ምን አጠፋሁ? ውድነህ፣ ምን አጠፋሁ?” ትላለች። ላቆም ስል ይብስብኛል። ቆይታ ጓንቷን አወለቀች። መጥታ፣ ጉልበቷ እያመማት፣ አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ።

“ለዓሣ እንዲህ አይለቀስም” አለች።

“ማን ነው የሞተብኝ?” አለች ደግሞ።

“ስልኩ...” አለች። “ለካ የስልኩ ነገር...”

ዓይኗን እያየሁ ነበር። ሲደርስባት አየሁት።

“ባንቺ ናት?”

አፌን ስከፍት በመዳፏ ዘጋችው። “አትመልስ። አንተ አልነገርከኝም። ልጅ ለእናቱ መርዶ አይናገርም።” መዳፏን አላነሳችም። “ገበየሁ ናቸው የያዙት? መቼ ሊመጡ ነው?”

መዳፏን ስታነሳ “በዓሉ እንዳለፈ፣ እሑድ” አልኳት።

“እንግዲያው የምሰማው እሑድ ነው። የልጆቹን ፋሲካ አላበላሽም። ገበየሁንም አላሳፍራቸው። ለሻሺም እንዳትናገር።” ከዚያ “መቼ?” አለች።

“መጋቢት አሥራ ስምንት።”

በጣቷ ቆጠረች። ያን ያልተቀዳ መልእክት የጣለችበትን ቀን እየቆጠረች እንደሆነ ገባኝ። አንድም ነገር አላለችኝም። ምነው በመታችኝ።

ግድግዳውን ይዛ ተነሣች። መወልወያውን አመጣች። ሻሺ ስትገባ ወለሉ ደርቆ ነበር።

ሚያዝያ 16፣ እሑድ

የአርቡን ሌሊት... ሴዴሩን፣ የፋሲካውን ማዕድ፣ ልጻፍ። ገበየሁና ሚስቱ እኛ ጋ ነበሩ። እናቴ ነጭ ልብሷን ለብሳ ራስጌ ተቀመጠች። ሊራዝን “አንብቢ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ” አለቻት። ገበየሁ ስለ አገር ቤቱ ፋሲካ ሲያወራ እሷ አረመችው፣ ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀች።

እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት። ቂጣውን ታኝካለች፣ አትውጠውም። ሰው ሳያያት በመሐረብ ታወጣዋለች።

ሲወጡ ገበየሁ በሩ ላይ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። “ጎበዝ። ይዘኸዋል” አለኝ።

ሚያዝያ 20፣ ሐሙስ

ሻሺና ሊራዝ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወረዱ። እናቴ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፈተች። ሰው ኖረም አልኖረም፣ ልትጠይቀኝ ስትፈልግ ቧንቧ ትከፍታለች።

“ብዙ ታመመች?”

“ሦስት ሳምንት።”

“ቀብሯ ላይ ሰው ነበር?”

“ብዙ ሰው ነበር ይላሉ።”

ቧንቧውን ዘጋች። ሰሃን አልነበረም።

ገንዳውን ዛሬ ባዶ አደረግኩት። ድንጋዮቹን ጆንያ ውስጥ ከተትኩ። ሁለቱንና ሳማዋን ያለፈው ሐሙስ ዕለት ነው ከፎቁ በታች፣ ዛፉ ሥር የቀበርኳቸው።

ሚያዝያ 23፣ እሑድ

አሥራ አንድ ሰዎች መጡ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ። ደረጃውን በዝግታ ወጡ፤ የብዙ ሰው እግር ድምፅ ሳይናገር ይናገራል። እናቴ ለብሳ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ነበር። ሻሺ “እንዴት ነቃች?” ብላ በዓይኗ ጠየቀችኝ። ትከሻዬን ነቀነቅኩ።

አንድ ነገር አስፈርቶኛል። ባታለቅስስ? ዐሥር ቀን ውስጥ ውስጡን አልቅሳ ጨርሳ ቢሆንስ? ያኔ ሁሉም ያውቃሉ።

ገበየሁ ቆሞ ጀመረ። “ማናለሽ፣ እህቴ። የሰጠ አምላክ፣ የነሣም እሱ...” አላቋረጠችውም። አንገቷን ደፍታ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ስሟን ሲጠራ፣ “ባንች” ሲል...

ስለ ለቅሶዋ አልጽፍም። የታችኛው ፎቅ ጎረቤቶች በር ከፍተው ወጡ። ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። አልገደደም። እኔም አጠገቧ ሆኜ ስለ እህቴ አለቀስኩ፣ በሰው ፊት፣ በስሟ።

ከሰዓት በኋላ ገበየሁ ወደ ጎን ወሰደኝና “አየህ?” አለ። “ያኔ ብንነግራት ኖሮ በዓሉን ባልቻለችው ነበር።” አዎ አጎቴ አልኩ።

ሊራዝ አታናግረኝም። “አክስቴ ናት! ወር ሙሉ?” ብላ በሯን ዘጋች። ትክክል ናት። ገበየሁም ትክክል ነው። እንዴት ሁለቱም ይሆናል?

ሚያዝያ 30፣ እሑድ

የለቅሶው ሰባት ቀን አለቀ። ሻሺ ሥራ ገባች። እኔ ከነገ።

ጠዋት እናቴ ሶፋው ላይ ነበረች፣ ባዶው ገንዳ ፊት ለፊት። እኔም ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቧንቧ አልከፈተችም።

“ዓሦቹ በሽታቸው ምን ነበር?” አለችኝ።

“ያው... ውሃው ትንሽ...”

ዞራ አየችኝ። “አሁንም?”

አሁንም። ለካ አፌ ለምዶታል። “አልታመሙም ነበር” አልኳት። “ፊቴን ስታዪብኝ የፈጠርኩት ነው። ደኅና ነበሩ። እንቁላል ጥለው ነበር።”

“እኔ ነኛ የገደልኳቸው።”

አይደለሽም ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። “አዎ፣ እማዬ” አልኳት። “በረኪናው ነው። ታመዋል ያልኩሽ ግን እኔ ነኝ።”

ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ አየቻቸው። እንባዋ ወረደ፣ ያለ ድምፅ። አላባበልኳትም። አብሬያት ተቀመጥኩ።

ብዙ ቆይታ “አንድ ነገር ልጠይቅህ” አለች። “ባንቺ ስትሞት ጠርታኛለች?”

መለሰ በስልክ የነገረኝን አውቃለሁ። ለሌላ ለማንም አልነገርኩም። “አዎ፣ እማዬ እያለች ነው ያረፈችው” ማለት ቀላል ነበር። ገበየሁ ቢሆን ይላል። ከወር በፊት ቢሆን እኔም እላለሁ። ዕድሜዋን ሙሉ የምትይዘው ነገር ይሆናታል። ማንስ ይጎዳል?

“አልጠራችሽም” አልኳት። “ራሷን ስታ ነበር። ሁለት ቀን ማንንም አልጠራችም።”

ስህተት ሠራሁ ብዬ ደነገጥኩ።

“እሺ” አለች። ቆይታ ደግሞ፣ “እሺ።” እጄን ስባ ጭኗ ላይ አደረገችው።

ከዚያ “ኩላሊት ነው አላችሁ?” አለች። “ከመጀመሪያው ንገረኝ። ምንም ሳታስቀር።”

ነገርኳት።